የገለባው ጥጃ

ጥጃው በተወለደ በአሥረኛው ቀን ሞተ። ቀፊራ ገበያ ሥጋ ቤት የሚሠራው ጎረቤት ዐብዲሐኪም ቆዳውን ገፈፈ፣ በጨው አሸው፣ ገለባ ጠቀጠቀበትና በሲባጎ ሰፋው። እግር የለው፣ ዓይን የለው። ጠረኑ ግን የጥጃው ነው።

«ላሟ ፊት አስቀምጡት። እሱን ስትልስ ወተቷን ትለቃለች» አለ።

ሸረፈዲን ይህን ያውቃል። አባቱም ሐርላ ሳሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ጥጃ የሞተባት ላም ካልታለለች አትታለብም። እሱም ከምድር ባቡር ጡረታ ከወጣ ወዲህ ለገሀሬ በሚገኘው ግቢው የሚያረባው ይህችኑ አንዲት ላም ነው።

ሚስቱ ዚነት በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። የግራ ዓይኗ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። የዓይን ሞራ ከተገፈፈላት ሦስት ሳምንት ሆናት። ሐኪሙ ያን ጊዜ ሸረፈዲንን ለብቻው ጠርቶ፣ «ሚስትህ አንድ ወር አታጎንብስ፤ ከባድ አታንሳ፤ በምንም ምክንያት አታልቅስ» ብሎታል።

ከሕክምናው በኋላ በአምስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር የሆነው ልጃቸው ሚክዳድ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። ባልደረቦቹ ዕለቱን እዚያው ቀብረውታል። ሸረፈዲን ስልኩን ዘጋ፤ ፊቱን ታጠበ፤ ወደ ቤት ገባ። መርዶው ወሩ እስኪሞላ ይቆይ ብሎ ወሰነ። የነገረው ለዐብዲሐኪም ብቻ ነው። ዚነት በጠየቀችው ቁጥር ግን፣ «ደውሎ ነበር፤ ሰላም ብሎሻል» ይላታል።

ላሟ የገለባውን ጥጃ አሸተተች። ከአንገቱ ጀምራ ላሰችው። ለጥጃዋ ብቻ የምታሰማው ዝቅ ያለ ድምፅ ከጉሮሮዋ ወጣ። ሸረፈዲን ጡቷን ሲስብ ወተቱ ባልዲው ውስጥ ተንጣጣ።

«አላልኳችሁም!» አለ ዐብዲሐኪም። «አቦ፣ ላም እኮ ናት! የኔን ኮት ብሰጣትም ትልሰዋለች።»

«ያንተን ኮትማ ጅብም አይልሰው» አለች ዚነት።

ሳቁ። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ።

«ግን ታውቅ ይሆን?»

«ምኑን፣ እማ ዚነት?»

«መሞቱን።»

«ከብት ሞትን ምን ያውቃል? ሞትን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ለዚህ አይደል አላህ ለኛ የገራልን?»

«ማን ጠይቋት ነው?»

«አው ሸረፈዲን፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት» አለ ዐብዲሐኪም ወደ ሽማግሌው ዞሮ።

ሸረፈዲን ከባልዲው ቀና ሳይል መለሰ። «ብታውቅ አትችለውም። አለማወቋ ይሻላታል።»

ከተናገረው በኋላ ደነገጠ። ቃሉ አዲስ አልነበረም። አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ ለራሱ ሲለው ከርሟል። ስለ ላም ግን አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ከመላስ ብዛት ስፌቱ ለቀቀ። ገለባው ከጥጃው ሆድ ተዘረገፈ። ላሟ አሸተተችው፤ ጎረሰችው፤ ታኝክ ጀመር።

ዐብዲሐኪም በሳቅ ፈነዳ። «ይኸው! ልጇን በላችው!»

ላሟ ሁለቴ አኝካ አቆመች። ገለባው ከአፏ እንደተንጠለጠለ አፍንጫዋን ወደ ባዶው ቆዳ ሰደደች። ቆየች። ከዚያ አንገቷን አንስታ ጮኸች። ጩኸቱ አላባራ አለ።

ዚነት ተነሥታ መጣች። «ይህን ነገር ከፊቷ አንሱላት!»

«ወተቱስ?» አለ ዐብዲሐኪም።

«ወተቱ ይቅር! ልጇ ነው የሞተባት፤ ትጩህለት። ሰው ነን ብላችሁ ነው የምታሞኟት?»

ሸረፈዲን ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ዚነት፣ ሚክዳድ አልደወለም። መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። ጅቡቲ ቀብረውታል።»

ዐብዲሐኪም ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ዚነት አልጮኸችም።

«መቼ?»

«ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ።»

እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። ባለፈው ሐሙስ የጎረቤታቸው የፋርሂያ ልጅ ሠርግ ላይ የተቀባችው ሂና ገና አለቀቀም።

«ልጄ አፈር ለብሶ፣ እኔ ሂና ስቀባ ቆመህ አየኸኝ?»

«ዓይንሽ እንዳይጎዳብሽ ብዬ...»

«ዓይኑ የኔ ነው!» አለች። «ላሟስ አፍ የላትም። እኔ ግን በየቀኑ ጠየቅሁህ። በአፌ ጠየቅሁህ።»

በዓይኗ ላይ ያለውን ጨርቅ ፈትታ ጣለች። ወደ በረቱ ገባች። ላሟ አጠገብ አፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ ግንባሯ ጉልበቷን እስኪነካ አጎነበሰች፤ አለቀሰች። ዐብዲሐኪም ለጎረቤት ሊናገር ሮጠ።

ሸረፈዲን አንድ እርምጃ ሲጠጋ፣ ቀና ሳትል በእጇ ከለከለችው። ከበረቱ ውጭ ቆመ። ሰዎች እየተጣደፉ ወደ ግቢው ሲገቡም እዚያው ቆሞ ነበር።