ስም የሌለው ተራ

ሲርካ ሃፓኮስኪ መልሷን ከመላኳ በፊት እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። መላክ የሚፈቀደው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱን ፈታሹ ኮምፒውተር በቀይ መልሶባታል። ይሄም ከቀላ ከፈተናው ቀጥሎ ላለው የሥራ ቃለ መጠይቅ አትቀርብም። ትሠራበት የነበረው የታምፔሬ ከተማ ወረቀት ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ፣ ሃምሳ ዓመት ላለፋት ሴት በሩን የከፈተ ሌላ ሥራ አልነበረም።

ጥያቄው የጀማሪ ነው። በአንድ መኖሪያ ሕንፃ የጋራ ሳውና፣ ነዋሪዎች በተራ በሚገቡበት የእንፋሎት መታጠቢያ በር ላይ፣ ማስታወቂያ የሚያወጣ አጭር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው የተጠየቀችው። የቤተሰብ ስም ሲሰጠው «ዛሬ ተራው የእነ እከሌ ነው» ይላል፤ ስም ከሌለ «ለሁሉም ክፍት ነው» ይላል። ስም ሰጥታ ሞከረችው፤ ሠራ። ምንም ሳትሰጠው ሞከረችው፤ ሠራ። ታዲያ የሚቀላው ለምንድን ነው?

«ላኪው እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል?» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ኤቱ። በልጇ ዕድሜ ነው፤ የእሱ መልስ ቀድሞ አልፏል። «ፋብሪካም እንዲህ እያፈጠጥሽበት ነበር ወረቀት የሚወጣው?»

«እዚያ እንዳንተ የሚለፈልፍ ማሽን አልነበረም።»

ኤቱ ሳቀና ወደ ስክሪኗ ጎንበስ አለ። ጥቂት አመነታ።

«ባዶ ስም ሰጥተሽዋል?»

«ባዶ ስም ደግሞ ምንድን ነው?»

«ስም ተብሎ ይሰጠዋል፣ ውስጡ ግን አንድም ፊደል የለበትም።»

ሞከረችው። «ዛሬ ተራው የእነ … ነው» ብሎ ወጣ፤ የስሙ ቦታ ክፍት።

«ልክ ነዋ» አለች። በፋብሪካው የፈረቃ ሰሌዳ ላይ ስም ያልተጻፈበት ካርድ ከተሰቀለ፣ ተተኪ ይመጣል ማለት ነበር። «ባዶም ቢሆን ቦታ የያዘ ሰው አለ። የሰው ተራ ለሌላ ልስጥ?»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ልንዘጋ ነው» አለች አስተማሪዋ ቱይሬ ከፊት።

ሲርካ ሰሌዳውን ትታ ሳውናው ያለበትን የራሷን ሕንፃ ምድር ቤት አሰበች፤ ጎረቤቶቿ ፎጣቸውን ይዘው ማስታወቂያውን ሲያነቡ ታዩዋት። ፋብሪካ ቢሆን አለቃውን ይጠይቃሉ። እዚህ ግን የሚያንኳኳ የለም። ውስጥ ሰው ይኖር ይሆናል እያሉ አንድ በአንድ ይመለሳሉ፤ ሳውናው ለማንም ሳይሆን ሲግል ያመሻል።

ባዶ ስም እንዳልተሰጠ እንዲቆጠር መስመሩን አረመች። ሦስቱንም ዓይነት ሞከረች፤ ላከች።

የመጠበቂያው ምልክት ስክሪኑ ላይ ተሽከረከረ።

አረንጓዴ።

ሲርካ ከወንበሯ ተነሳች። «ቃለ መጠይቁ ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«አራተኛ። የሚወስዱት አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።» ትንሽ አየችው። «አንተም ስለ ባዶው ስም ስትነግረኝ ይህን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር» አለ ኤቱ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ። «ነይ፣ እንዳይረፍድብን።»