የልብስ ገመዱ ሞተር ውስጥ የገባ ዕለት

«ገመዱን ጨረስከው እኮ። ነገ ልብሴን አንገትህ ላይ ላሰጣው ነው?» አለችው ሚስቱ፣ በሩ ላይ ቆማ።

እሱ በመኪናዋ ሞተር የካንዴላ ቀዳዳ በኩል የልብስ ማስጫዋን ገመድ ወደ ሲሊንደሩ ሆድ እየጎሰጎሰ ነበር፤ አንድ ክንድ ገባ፣ ሌላ ክንድ ተከተለ። ከዚያ ሞተሩን በመፍቻ ቀስ አድርጎ ሲያዞረው ፒስተኑ ወጣና ገመዱን ጠቅጥቆ ቫልቮቹን ከሥር ደገፋቸው። እንዲህ ካልተደረገ የቫልቩ ሞላ ሲወልቅ ቫልቩ ወደ ውስጥ ይወድቅና ሞተሩ በሙሉ መፈታቱ ነው። ዘዴውን ከወጣትነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ እጁ አልረሳውም።

የከዳው ዓይኑ ነው። ከክረምቱ ወዲህ ትክ ብሎ የሚያየው ነገር ሁሉ መሃሉ ላይ ስስ ጉም ይተኛበታል። ዛሬም እሑድ ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ለስለስ ብላ፣ ግቢው፣ አጥሩ፣ የተከፈተው ኮፈን ሁሉ ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ይመስላል። ደስ የሚልበት ጊዜም አለ፣ ለምን ይዋሻል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይፈራል፤ ለማንም አልተነፈሰም።

ጠዋት ጠዋት የሰፈሩን ሰባት ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። በየበሩ መኪናዋን ስለሚያስጮኽ ልጆቹ «አባባ ጥሩምባ» ይሉታል። መኪናዋ ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ እንደምትተፋ የነገረችው የአንዷ ልጅ እናት ናት። የቫልቭ ጎማ ሲያረጅ ዘይት አሳልፎ እንዲህ እንደሚያጨስ ማን እንደሱ ያውቃል? ጭሱን ግን በመስታወቱ እያየ አላየውም። ያን ዕለት ለራሱ ቃል ገባ፤ ስምንቱን የቫልቭ ጎማ በገዛ እጄ ከቀየርኩ እነዳለሁ። ካልቻልኩስ? እሱን ማሰብ አልፈለገም።

ሰባቱ ሰመሩለት። አሮጌውን ጎማ በፒንሳ ይነቅላል፣ አዲሱን ዘይት ቀብቶ መታ መታ ያደርጋል፣ ሞላውን ይመልሳል። ሞላውን የሚቆልፉት ከጣት ጥፍር የማይበልጡ ሁለት ብረቶች ናቸው። ስምንተኛው ላይ ከሁለቱ አንዷ አመለጠችው። ብረት ለብረት ቃ ሲል ሰማ፤ ከዚያ ዝም።

ወደ ሞተሩ ሆድ የሚወርዱትን የዘይት ቀዳዳዎች በጨርቅ ደፍኗል፤ ሁሉንም መድፈኑን ግን አሁን ተጠራጠረ። ተንበርክኮ ከመኪናዋ ሥር የተነጠፈውን ነጭ አንሶላ ዳበሰ። ደግሞ ዳበሰ።

«ምን ጠፋብህ?»

«ምንም።»

«ምንም ነው እንዲህ የሚያንበረክክህ?»

«አንዲት ብረት ወደቀችብኝ። ሞተሩ ውስጥ ሳትገባ አልቀረችም። አለቀልኝ በቃ።»

ሚስቱ ቀረበች። ዕድሜዋን በልብስ ስፌት የጨረሰች፣ ዛሬም ያለ መነጽር ክር ከመርፌ የምታገናኝ ሴት ናት። አምና እሱ ሲታመም ሳምንት ሙሉ ልጆቹን ያመላለሰችው እሷ ነበረች፤ በአነዳዷ የተነሳ «እትዬ ቀስ» ብለዋታል። ጎንበስ አለችና ከአውራ ጣቱ አጠገብ አንድ ነገር አንስታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ፊት ለፊትህ ነበረች» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እያየሃት ነበር እኮ።»

ብረቷን በመዳፉ ውስጥ ጨበጣት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምቱ።»

«እኔ የት ሄጄ ነው ያልነገርከኝ?»

«ፈርቼ ነዋ። መንገዱን እንደሆነ በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ጉድጓዱን ሳይቀር።»

«መንገዱንስ ታውቀዋለህ። መንገዱ ላይ ዘሎ የሚገባውን ልጅስ?»

አፈረ፤ ግን ከወራት በኋላ ትከሻው ቀለለው።

ከስፌት ሳጥኗ ወረንጦ ይዛ መጣች።

«ሞላውን ጫን በለው» አለችው።

«ጫንኩት።»

«ገባች። ሁለተኛዋም ገባች። በል አሁን ቀስ ብለህ ልቀቅ።»

ገመዱን ጎትተው ሲያወጡት ጥላሸትና ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል።

«አዲስ እገዛልሻለሁ» አላት ቀድሞ።

«ገመዱ ይቆየኝ፤ መጀመሪያ ሞተሩ ይስማህ።»

ሁሉን ገጣጥሞ ካበቃ በኋላ ገብቶ አስነሳው። ሞተሩ ትንሽ ተንገራገረና ረጋ። በመስታወቱ ወደ ኋላ አላየም፤ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ጠየቃት።

«ጭስ አለ?»

«ትንሽ… ቆይ… የለም። ጠፋ።»

አመናት። እሷም መጥታ ሁልጊዜ የምትቀመጥበትን፣ የወዲያኛውን በር ከፈተች።

«በል እስቲ፣ እንሞክራት» አለችው።

መሪውን ለጥቂት ጊዜ እንደያዘ ቆየ። ከዚያ ወረደ፣ ጎንበስ ብሎ የሹፌሩን ወንበር ለሷ እግር እስኪበቃ ወደፊት ሳበው።

«ነገ በየበሩ ጥሩምባውን እንዳትረሺ» አላት፤ ዞሮም እሷ በከፈተችው በር ገብቶ ተቀመጠ።