ውስጠኛው ሽፋን

ሸዋገነት ሌላ የዳቦ ቆሎ እሽግ በማሽኑ ስታሽግ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ጠሀ ነበሩ፤ የታተመ ማሸጊያ ፕላስቲክ የምትገዛቸው ነጋዴ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መርካቶ ዱባይ ተራ ካለው ሱቃቸው እምብዛም አይርቁም። ዛሬ ግን እህል በረንዳ ጀርባ እስካለችው የኪራይ ክፍሏ በእግራቸው መጥተዋል።

"ስልክሽ ለምን አይነሳም?" አሉ እያለከለኩ። "በዚያ ፕላስቲክ የታሸገ ለገበያ ወጥቷል እንዴ?"

"ኧረ ገና ነው። ሱፐርማርኬቱ ከሰዓት ሊወስድ ነው። ምነው ጋሼ?"

"አልሐምዱሊላህ!" በርጩማው ላይ ዘፍ አሉ። "እስቲ ዘይት ስጪኝ።"

ከኪሳቸው ቁራጭ ፕላስቲክ አውጥተው፣ በውስጥ በኩል ዘይት ጠብ አድርገው በአውራ ጣታቸው አሹት። ጣታቸው ቀይ ቀለም ሆነ።

"ቀለሙ በሁለት ሽፋን መሀል ነበር መሆን ያለበት። ፋብሪካው ውስጠኛውን ሳይለጥፍ ላከልኝ። እኔም ሳላይ ሸጥኩልሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሸዋገነት ግድግዳውን ታኮ የተደረደረውን እሽግ አየች። ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመበት፣ የሦስት ቀን ድካሟ ነው። ደሟ ፈላ። ልትናገራቸው ስትል ሽማግሌው ጉልበታቸውን ሲያሹ አየች። ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር?

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለች። "ለሰው መርዝ ከማብላት አዳኑኝ።"

"ደህናውን አስመጣልሻለሁ። ዋጋው በኔ ነው።"

ጥግ ላይ ዱቄት ስትነፋ የነበረችው እህቷ ፍሬሕይወት አንዱን እሽግ አንስታ አገላበጠችው። "ይሄን ሁሉ ከምንደፋው እህል በረንዳ ላሉት ተሸካሚዎች ብንሰጣቸውስ? ደስ ይላቸዋል።"

"የነሱ ሆድ ሆድ አይደለም?" አለች ሸዋገነት። እሽጎቹን እየቀደደች ዳቦ ቆሎውን የቆሻሻ ጆንያ ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ ለሱፐርማርኬቱ ደውላ እውነቱን ነገረቻቸው። በስልኩ ወዲያ ያለው ሰው "እስከ ሐሙስ እንጠብቅሻለን" አላት።

ስልኩን ስትዘጋ ጋሼ ጠሀ ግድግዳውን ተደግፈው ለመነሳት ይታገሉ ነበር። ሸዋገነት ሽርጧን ፈታች።

"ለሐሙሱ ዱቄቱን ማን ሊያቦካው ነው?" አለች ፍሬሕይወት።

"ስመለስ አቦካዋለሁ" አለችና የሽማግሌውን ክንድ ደግፋ ወጣች።