የእርግቦቼ ቅንቅን

ማሳከኩ ሲጀምረኝ ጥፋተኛውን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ የእርግቦቼ ቅንቅን ነው አልኩ። ዕድሜውን ሙሉ ጣሪያ ላይ እርግብ ያረባ ሰው ገላውን ሲያሳክከው ሌላ ምን ይላል? የእንጨት ቤታቸውን ባዶ አድርጌ ኖራ ቀባሁት። አዲስ ጭድ አነጠፍኩ። አንድ በአንድ እየያዝኩ ክንፋቸው ሥር አመድ ነሰነስኩ። በማግስቱ እነሱ እፎይ ብለው ፀሐይ ሲሞቁ እኔ መዳፌንና ውስጥ እግሬን በበሩ ጠርዝ እፎክት ነበር።

ባለቤቴ ረስሚያ ብትኖር «አንተ ሽማግሌ፣ እነሱ ምን አደረጉህ? ይልቅ ራስህን ታጠብ!» ትለኝ ነበር። ከሞተች ሦስተኛ ክረምቷ ነው። ልጃችን ሸሀታ ኩዌት ሄዶ ግንበኛ ሆኗል። ላይኛው ፎቅ ላይ እኔ፣ ጣሪያው ላይ እርግቦቼ ቀረን። ከመንገዱ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ቢገኝም እነሱን ነው የሚያየው። አልፈርድበትም፣ እነሱ ያምራሉ።

ከዚያ ደረጃው ረዘመብኝ። የስንዴ ከረጢት ተሸክሜ ሳላርፍ የምወጣው ሰውዬ በየፎቁ እየተቀመጥኩ መተንፈስ ጀመርኩ። እርጅና ነው አልኩ። የፉል ሽታ አስጠላኝ፤ ባለ ፉሉ ዘይት ቀይሯል አልኩ። ሽንቴ ጠቆረ፤ ሻይ አብዝቼ ነው አልኩና ሻይ ቀነስኩ፤ ሽንቴ ግን እንደጠቆረ ቀረ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ብቻውን የሚኖር ሰው ችግሩ ይኼ ነው፤ ራሱ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል፣ የሚከራከረው የለም።

የሚገርመው፣ የወፍ በሽታ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። በእኛ ሰፈር ጉበቱን የታመመ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ እርግብ የሚገዛው ከእኔ ነው። በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፤ እርግቧን እምብርቱ ላይ ያስቀምጧታል፤ መርዙን ስባ ትሞታለች ይባላል። እኔ ግን የምታስቀምጠውን ሴትዮ ጣቶች አይቻለሁ፤ ላባው ውስጥ ገብተው አንገቷን ጫን ያደርጋሉ። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ያረጁትን ብቻ ነበር የምሸጠው። ገዢዎቹ እርግቡ እስኪያዝላቸው ድረስ የበሽተኛቸውን ነገር ይዘረግፉልኛል፤ ድካሙን፣ ማሳከኩን፣ የሽንቱን መልክ። እኔም «አላህ ይማርላችሁ» ብዬ እሸኛቸዋለሁ። የነገሩኝ ነገር ራሴ ላይ እንዳለ ለማሰብ አልፈለግሁም።

ሸሀታ ዓርብ ዓርብ በቪዲዮ ይደውላል።

«አባዬ፣ እስቲ ልይህ።»

«የእኔን ጥርስ የለሽ አፍ ምን ታያለህ? ይልቅ ይችን እያት!» እልና ስልኩን ወደ ሎዛ አዞራለሁ። ሎዛ ረስሚያ በእጇ እያጎረሰች ያሳደገቻት ነጭ እርግብ ናት። እሱም ይስቃል፣ እንዴት ወፍራለች ይላል፣ ካርዱ ያልቃል።

እውነቱን ለመናገር ፊቴን የምደብቀው ፈርቼ ነው። መክሳቴን ካየ «እርግቦቹን ሽጥና አክስቴ ቤት ግባ» ማለቱ አይቀርም። እነሱ ከሄዱ ጠዋት የምነሳበት ምክንያት አይኖረኝም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኢንሺራህ የምትባል፣ ባሏ መታመሙን የሰማሁ የጎረቤት ሙሽራ ቁና ቁና እየተነፈሰች ወጣች።

«ሐጂ፣ አንድ እርግብ ይስጡኝ። ያረጀች ትሁን፣ ለመሞት ነው።»

«ባልሽን ሐኪም አላየውም እንዴ?»

«አይቶታል እንጂ! ሆስፒታል ደሙን መርምረው ክኒን ሰጥተውታል። ሦስት ወር ይውጣል አሉ። ዓይኑ ነጣ፣ መብላት ጀመረ። እርግቧ ለእሱ መሰለችዎ? ለእናቱ ናት! ካልተቀመጠችለት ሴትዮዋ ቤቱን ትገለብጠዋለች።»

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ። ጠጋ ብላ ዓይኔን ትኩር ብላ አየችው።

«ሐጂ፣ ለራስዎስ አስቀርተዋል?»

«ምኑን?»

«እርግብ ነዋ። ዓይንዎ እኮ ቢጫ ሆኗል። የባሌም ልክ እንዲህ ነበር። ቤት ውስጥ የነገረዎ የለም?»

«የቤቴ ሰዎች ጥሬ መልቀም እንጂ ወሬ አያውቁም» አልኳት። ቀልዱ ለራሴም አላሳቀኝም። እሷ ግን ነገ ባሏን ይዛ ሆስፒታል ስለምትሄድ በር ላይ እንድጠብቃት አዝዛኝ ወረደች።

ጺሜን የምላጨው መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ነው፤ እዚያ አምፖሉ ግድግዳውንም እኔንም ቢጫ ያደርገናል። የረስሚያን መስታወት ከሚስማሩ አውርጄ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ልጅቷ ልክ ነበረች። መስታወቱን ይዤ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ በሽታው አልነበረም። ረስሚያ ብትኖር ገና በመጀመሪያው ጠዋት ታየው ነበር።

ከዚያ የሞኝ ሥራ ሠራሁ። ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ ተኛሁ፣ ጀለቢያዬን ገለብኩ፣ ሎዛን እምብርቴ ላይ አስቀመጥኳት። አንገቷን የሚጫን ጣት አልነበረም። ትንሽ ተንቆራጠጠች፣ ላባዋን ነፋች፣ ተመቻችታ ተቀመጠች። ትሞቅ ነበር። ከረስሚያ ወዲህ ገላዬ ላይ ያረፈ ሕይወት ያለው ነገር አልነበረም፤ እስክትሰለቸኝ ድረስ አልነሳም አልኩ። ቀድሞ የሰለቻት ግን እሷን ነው። ጥላኝ በረረች፤ ጤነኛ ናት፣ መርዜም ከእኔው ጋር ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። እኔ ራሴ ደወልኩ።

«አባዬ! ምን ሆንክ?» አለ ሸሀታ። ከኋላው የሲሚንቶ ማደባለቂያ ይጮሃል።

ስልኩን ፊቴ ላይ አስጠግቼ፣ ወደ ፀሐይ ዞሬ፣ ዓይኔን በሁለት ጣቴ ከፈትኩ።

«እየኝ» አልኩት።

ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አላውቅም። የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ነገ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ ክኒን አለው አሉ።»

«በየሳምንቱ እየደወልኩ…» የሥራ ቆቡን አወለቀ። «በየሳምንቱ እየደወልኩ እርግብ አይ ነበር።»

ሎዛ ትከሻዬ ላይ መጥታ አረፈች። እንደ ልማዴ ስልኩን ወደ እሷ ላዞር እጄን አንቀሳቀስኩ።

«አታዙረው አባዬ» አለኝ። «እንዲሁ ያዘው። ትንሽ ልይህ።»

ክንዴ ዛለ፤ ቢሆንም አላወረድኩትም።