ከቆርቆሮ በላይ ሣር

ምሉእ ገብረሕይወት ክፉ ነገር በሩን ሳያንኳኳ ወጥታ የምትቀበል ሴት ነበረች። ሰማይ ሲደምን ጎርፍ ይታያታል፤ ልጅ ሲያነጥስ የሳንባ ምች፤ የቀበሌ ጥሩምባ ሲነፋ ደግሞ ውርስ። ባሏ ግደይ፣ «መከራ መንገዱ እንዳይጠፋበት ብላ ነው፣ ሄዳ የምታመጣው» እያለ ይቀልድባት ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ የደርግ ዘመን ወልድያ ውስጥ የማይፈራ ሰው ቢገኝ፣ ወይ ሊቀመንበር ነው ወይ ደንቆሮ።

ቤቷ አስፋልቱ ዳር ነው። አባቷ ከተምቤን መጥተው፣ ጨው ሲነግዱ ኖረው ያቆሙት፣ ቆርቆሮ የለበሰ ባለ ሦስት ክፍል። ትርፍ ቤት የተወረሰ ጊዜ ከዚህ ሌላ ቤት ስላልነበራት ተረፈላት። ሌላ ሰው ቢሆን ተመስገን ብሎ ይተኛል። ምሉእ ግን ተራዋ ገና አልደረሰም ማለት ነው ብላ ተረዳችው።

ግንቦት ላይ አንድ ሰኞ፣ ጎረቤቷ አለሚቱ ነጠላዋን እየጎተተች ገባች። አለሚቱ የሴቶች ማኅበር አባል ስለሆነች ወሬ ከሷ ዘንድ ትኩስ ነው።

«እትዬ ምሉእ፣ ሰምተሻል?»

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተ! የቤት ግብር ሊወጣ ነው። እሑድ በስብሰባ ይወሰናል። በጣራ ነው አሉ። ቆርቆሮ አንደኛ ደረጃ፣ ሣር ክዳን ነፃ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቆርቆሮ ያለው ደግሞ ንዑስ ከበርቴ ተብሎ ይመዘገባል ይባላል።»

ለምሉእ ይህ በቂ ነበር። ዛሬ አንደኛ ደረጃ፣ ነገ ንዑስ ከበርቴ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ቤቱ የሕዝብ። ግብሩስ ይከፈላል፤ ስሙ ግን ቤት ያስወርሳል። ሌሊቱን ከግደይ ጋር ሲያወጡ ሲያወርዱ አደሩና ጠዋት መላው ተገኘ። የቀበሌ መዝጋቢዎች ውሻ ስለሚፈሩ ግቢ አይገቡም፤ አስፋልቱ ላይ ቆመው አንገታቸውን አስግገው ያዩትን ይጽፋሉ። የሚያዩት ሣር ከሆነ የሚጽፉትም ሣር ነው።

በዚያው ማክሰኞ፣ በገበያ ቀን፣ ሙላቱ የሚባል ከግራና ገጠር የወጣ ገበሬ በአራት አህያ ሣር ጭኖ መጣ። ጣራውን ቀና ብሎ አየ፤ ምሉእን አየ፤ ደግሞ ጣራውን አየ።

«እትዬ፣ ይሄ ቆርቆሮ አይደል?»

«ነው።»

«ያፈሳል?»

«አያፈስም።»

«እንግዲህ እኛ ሣራችንን ሸጠን ቆርቆሮ እንግዛ፣ እናንተ ቆርቆሯችሁን በሣር ሸፍኑ! ከተሜ መሆን ለካ ይኼ ነው!»

እንዲህ እያለ ከደነላት። ረቡዕ አለሚቱ ከደነች። ሐሙስ ልብስ ሰፊው፣ ዓርብ ባለሻዩ። ማንም ማንንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ቅዳሜ ጠዋት መዝጋቢዎቹ አስፋልቱ ላይ ቆመው ሁሉንም ሣር ብለው ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ከመርሳ የመጣ አንድ የአውቶቡስ ተሳፋሪ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ወልድያ ገና አልደረስንም እንዴ?» ብሏል ተብሎ ተወራ።

እሑድ ስብሰባ ሆነ። ሊቀመንበሩ ጓድ አስፋው ከአብዮቱ በፊት የሆቴል አስተናጋጅ ነበር፤ አጀንዳም የሚያቀርበው ለማድ ቤት ትእዛዝ እንደሚጮህ ሰው ነው። የጣራ ግብሩን አነበበ። «የሚቃወም?» የለም። «የሚደግፍ?» እጅ ሁሉ ወጣ። ምሉእ በሆዷ ሙላቱን መረቀች።

«ሁለተኛ አጀንዳ!» አለ ጓድ አስፋው። «የበላይ አካል ጓዶች በአስፋልቱ ስለሚያልፉ፣ የከተማችንን ገጽታ የሚያበላሹና ለእሳት አደጋ የሚያጋልጡ አስፋልት ዳር ያሉ ሣር ክዳን ቤቶች በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይፈርሳሉ። ነዋሪዎቹ ወንዝ ማዶ ቦታ ይሰጣቸዋል። የሚደግፍ?»

እጅ ሁሉ ወጣ። የምሉእም ወጣ። አልሰማችም እንዳይባል ሰምታለች፤ ግን በዚያ ዘመን እጅ ከጆሮ ይቀድም ነበር። የገዛ ቤቷ እንዲፈርስ መደገፏን ያወቀችው እጇን ስታወርድ ነው።

ጸሐፊው ሲሳይ የሚፈርሱትን ቤቶች ዝርዝር አነበበ። አንደኛ፣ ቆሎ እየሸጡ የሚኖሩት የእማማ ኣባዲት ጎጆ። ሁለተኛ አለሚቱ። ሦስተኛ ምሉእ። ሰባተኛውን ጠራ፤ ከዚያ ሳል ያዘውና ዘጠነኛውን ጠራ።

ግደይ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «አሁን ቆርቆሮ ነው ብትዪ አሻጥር ነው፣ እስር ቤት። ዝም ብትዪ ወንዝ ማዶ። ምረጪ እንግዲህ፣ አንቺ አይደለሽ ያስከደንሽው።»

ምሉእ ተነሣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የእኔ ቤት ቆርቆሮ ነው።»

«ሣር ነው ተብሎ ተመዝግቧል።»

«ሣሩ ከላይ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ጓድ አስፋው ግን አልሳቀም። «ቆርቆሮ ላይ ሣር ለምን ይወጣል?»

ዕድሜዋን ሙሉ ለክፉ ቀን ስትሰናዳ ኖራ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሰነቀችም። ምላሷ ብቻውን ሄደ።

«ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሬዲዮ አይሰማም፣ ጓድ። የአብዮቱ ዜና እንዳያመልጠን ብለን ነው።»

ልብስ ሰፊው፣ «የእኔም ለዜናው ነው!» አለ። «የእኔም!» አለች አለሚቱ፣ ሬዲዮ የሌላት። ከፊተኛው ወንበር ደግሞ የሊቀመንበሩ ሚስት ሙሉወርቅ ቀስ ብላ ተነሣች።

«የእኛም ለዚሁ ነው» አለች።

ጓድ አስፋው ሚስቱን አፍጥጦ አያት። ሳምንቱን ሙሉ በስብሰባ ተጠምዶ ጨለማ ሲሆን እየገባ ጎህ ሳይቀድ እየወጣ፣ የተመደበለትን ቤት ጣራ አላየውም። ሲሳይ በስምንተኛው ላይ ለምን እንደሳለ አሁን ለሁሉም ገባ።

«እ...» አለ ሊቀመንበሩ፣ ላቡን እየጠረገ። «ይህ በጎ ተሞክሮ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ቆርቆሮ ያለው ሣር አይፈርስም። በቆርቆሮ ደረጃ ግብር ይከፍላል፤ ሁለት ጣራ ስላለው ደግሞ ለሁለተኛው መጠነኛ መዋጮ ያክላል። ንጹሕ ሣር የሆነው ብቻ ይፈርሳል። ይህንን የሚያጣራ የጣራ ኮሚቴ ይቋቋማል። ሌላ የሚጨመር አለ?»

«ጓድ ምሉእ ትምራው!» አለ አንዱ ከኋላ።

እጅ ሁሉ ወጣ።

ምሉእ ያልፈራችው መከራ ቢኖር ይኸኛው ብቻ ነበር፤ ሹመት። ማግስቱን አለሚቱ ስታያት «እትዬ» ማለቱን ትታ «ጓድ ምሉእ» ብላ ግቢዋን ዘጋች።

ማክሰኞ ምሉእ መሰላልና ቀጭን ዱላ ይዛ፣ ሲሳይ መዝገቡን ይዞ፣ ቤት ለቤት ዞሩ። ሲሳይ ከፍታ ስለሚያዞረው የምትወጣው እሷ ናት። ዱላውን ሣሩ ውስጥ ስትሰደው ካንኳኳ ቆርቆሮ ነው፤ ይጻፋል። የራሷን ቤት፣ የአለሚቱን፣ የሊቀመንበሩን አንኳኳች። መጨረሻ እማማ ኣባዲት ደጅ ደረሱ። አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት፤ አይለምኑም፣ አያለቅሱም።

ምሉእ ወጣች። ዱላው ሣሩ ውስጥ እስከ ክንዷ ድረስ ጠለቀ። ምንም አላንኳኳም።

«እሺ?» አለ ሲሳይ ከታች፣ ብዕሩን መዝገቡ ላይ ደግኖ።

ቢደረስባት አሻጥር፣ እስር፣ ልጆች ያለ እናት፤ ሁሉም በዓይኗ ሄደ። ዱላውን በመሰላሉ ላይ ሁለት ጊዜ ቋ ቋ አደረገችው።

«ቆርቆሮ ነው። ጻፍ!»

ሲሳይ ጎጆዋን አየ፤ የጭቃ ግድግዳውን አየ፤ መዝገቡን አየ። ጻፈና መዝገቡን ዘግቶ ሄደ።

እማማ ኣባዲት አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ልጄ፣ ከመቼ ወዲህ?»

«ከዛሬ ወዲህ፣ እማማ። ሬዲዮም አለዎት፤ ከጠየቁዎ አይርሱ።»

«ግብሩንስ ማን ይከፍለዋል?»

ምሉእ መሰላሉን ይዛ ቀስ እያለች ወረደች።

«እሱን ገና አልፈራሁትም» አለች።