ባዶውን የሚመለስ ሰሃን

በወደብ ከተማዋ በቢዘርት ልጆቻቸው የባሕር ኃይል መርከብ ላይ የሚያገለግሉ እናቶች አንድ ደንብ አላቸው። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ወንድ እንዳላወጣው ግን ያስታውቃል። ልጇ ባሕር ላይ ያለ እናት ሠርታ ያመጣችው ምግብ አይተርፍም። ሰሃኗ ተጠርጎ ባዶውን ወደ ቤቷ ይመለሳል። ፍርፋሪ ከተረፈ መርከቧ ስትመለስ የሚጎድልባት ነገር ይኖራል ይባላል። ምን እንደሚጎድል ጠይቆ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ባለው ነገር ቀድማ ጠያቂ መሆን የምትፈልግ እናት ከየት ትመጣለች።

የቤያ ሰሃን ከሁሉም ቀድሞ ባዶ ይሆን ነበር። ሴቶቹ የእሷ የዓሣ ኩስኩስ ሲቀርብ ወሬ ያቆማሉ፤ ቶሎ ቶሎ ይጎርሳሉ፤ በላዩ ውሃ ይጠጣሉ፤ ከዚያ በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ቤያ ይህን ሁሉ የሙያዋ ምስክር አድርጋ ወስዳው ነበር።

የሚሰበሰቡት መርከቦች በሚያልፉበት ቦይ ዳር ባለው በለላ ዳለንዳ ቤት ሰገነት ላይ ነው። «ለላ» የሚባለው ለተከበረች ሴት ነው፤ ለላ ዳለንዳ ሦስት ልጆቻቸውን በየተራ ለባሕር ኃይል የሰጡ አሮጊት ናቸው። ሁለቱ በጡረታ ወጥተው ቡና ቤት ሲውሉ፣ ሦስተኛው ገና መርከብ ላይ ነው። ከሰገነቱ ተንቀሳቃሹ ድልድይ ሲነሳ ይታያል። ድልድዩ ሲነሳ መንገድ የተዘጋበት መኪና ሁሉ ክላክስ እያንባረቀ ይራገማል፤ እናቶቹ ደግሞ እልል ይላሉ። መርከብ እየወጣች ወይ እየገባች ነው ማለት ነው።

ቤያ ወደዚህ ሰገነት የመጣችው ባሏ በሞተበት ዓመት፣ አንድ ልጇ ሳብሪ መርከብ በተሳፈረ ሰሞን ነው። ያኔ ቤቷ ውስጥ ከግድግዳ ጋር ታወራ ነበር። ግድግዳው መልስ መስጠት ሳይጀምር ለላ ዳለንዳ መጡና እጇን ይዘው ወደ ሰገነታቸው አወጧት። እዚያ ማልቀስ ይቻላል፤ መሳቅ ይቻላል፤ የሌላ ሰው አማት ማማትም ይቻላል። ቤያ ነፍስ ዘራች።

በመጀመሪያው ቀን ግን አንድ ስህተት ሠራች። አንዷ ልጄ መሪ ይይዛል አለች። ናዚሃ የምትባለው፣ ምላሷ ከመቀስ ጋር የሚወዳደር ጎረቤት፣ ሴት ልጇ ረይሃን ራዳር ላይ እንደምትሠራ ተናገረች። ከዚያ ሁሉም ዞረው «ያንቺስ?» አሏት።

«ሞተር ክፍል» አለች ቤያ።

ሳብሪ ምግብ አብሳይ ነው።

ውሸት እንደ ድመት ነው፤ አንዴ ካበሉት ደጅ አይለቅም። የናዚሃ የውሃ ፓምፕ ተበላሸና «የሳብሪ እናት፣ እስቲ ልጅሽን ጠይቂልኝ» አለቻት። ቤያ ጠየቅሁ ብላ በማግስቱ መልስ አመጣች፤ «አጥፍተሽ፣ ትንሽ ቆይተሽ አብሪው ብሏል።» ፓምፑ ሠራ። ከዚያ ወዲያ የልብስ ማጠቢያው፣ የአየር ማራገቢያው፣ የአንዷ ባል አሮጌ መኪና ሳይቀር በቤያ በኩል ወደ ሳብሪ ይላክ ጀመር። ቤያ ለሁሉም ያንኑ መድኃኒት አዘዘች። እምቢ ያለው መኪናው ብቻ ነው፤ እሱም በባልየው ተሳበበ።

ነገሩ የከረረው የወይን ለቀማ ባለቀበት ሰሞን ነው። መርከቧ ረጅም ጉዞ ላይ ነበረች። ናዚሃ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣

«ረይሃን ትናንት ደወለች፤ ከስታለች» አለች። «በድምጿ ያስታውቃል።»

«ክሳት ደግሞ በድምፅ እንዴት ይታወቃል?» አለች ቤያ።

«እናት ስትሆኚ ይታወቃል።»

«እኔ ማን ነኝ ታዲያ፣ አክስት?»

«ምግቡ ሳሙና ሳሙና ይላል አለችኝ። ዓሣው በተለይ። ያ ምግብ ሠሪ ድስቱን አጥቦ የማያለቀልቅ መሆን አለበት።»

«የኔም ልጅ ይህንኑ ነው የሚለው» አሉ ለላ ዳለንዳ፣ ሻያቸው ላይ የሚንሳፈፈውን የጥድ ፍሬ በማንኪያ እየለቀሙ። «መርከቧ ላይ ‹ሙሽራው› ይሉታል አሉ። ድስቱ ሽቶ እንደተቀባ ሙሽራ ከሩቅ ይሸታል።»

ቤያ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ይህን የሳሙና ነገር ታውቀዋለች። ሟች አማቷ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ኩስኩሷን ቀምሰው የተናገሩት ቃል ነው። ሳብሪ ትንሽ ሳለ የዓሣ ሽታ አልወድም ብሎ ሲያስቸግራት ድስቱ ውስጥ ለጣፋጭ መዓዛ የሚሆነውን የብርቱካን አበባ ውሃ ጠብ አደረገችለት። በላ። ጠብታው እያደር ማንኪያ፣ ማንኪያው እያደር ጭልፋ ሆነ። አማቷ «ሳሙና» ሲሉ ቤያ በቅናት ተረጎመችው። አማት እውነት ሊናገር ይችላል ብሎ ማን ያስባል። ሳብሪ ደግሞ ምግብ ማብሰል የተማረው ከእሷ ጉያ ነው።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለቻት ናዚሃ።

«ምን እላለሁ። እንዲህ ያለው ምግብ ሠሪ እጁ ይሰበር እንጂ» አለች ቤያ። በልቧ ደግሞ ቶሎ ብላ፣ «አላህ ሆይ፣ ይህን እንዳልሰማህ ቁጠረው» አለች።

ናዚሃ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ቤያ ሳል ይዟት መሰላት።

«ስሙ» አሉ ለላ ዳለንዳ። «መርከቧ እንደገባች የቤተሰብ ቀን አለ፤ ምሳ እዚያው ላይ ነው። አዛዡ ፊት አንዳችን ተነስተን እንናገር። ያ ልጅ ወይ ይታረም፣ ወይ ከመርከብ ይውረድ።»

«ማን ይናገር?»

«የሳብሪ እናት ናታ» አለች ናዚሃ። «አንደበቷ ማር ነው። ልጇም ሞተር ክፍል የተከበረ ሰው ነው።»

ሁሉም ተስማሙ። ቤያ ለእንዲህ ያለ ነገር ፈጥኖ የሚስማማ ማኅበር አይታ አታውቅም።

በማግስቱ ሳብሪ ደወለ።

«እማ፣ ምሳውን እኔ ነኝ የምሠራው። ያንቺን ኩስኩስ።»

«ልጄ፣ ያቺን የአበባ ውሃ ምናልባት . . .»

«አትስጊ፣ አለኝ። ሙሉ ጠርሙስ አስገዝቻለሁ።»

«ልጆቹ ግን ይበሉታል?»

«ሰሃኑ ተጠርጎ ነው የሚመለስልኝ። ደሞ ይገርምሻል፣ የባሕር ወፍ ሁሉ የሚከተለው እኛን ነው። ሌላ መርከብ ዞር ብሎ አያይም። ሽታው ነው መሰለኝ።»

ሰሃኑን ማን እንደሚጠርገው ለቤያ ወዲያው ገባት። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ምን ብላ ትንገረው? ያሳደግሁህ በሳሙና ነው ትበለው? አፏን መልሳ ዘጋች። «አላህ እጅህን ይባርከው» ብላ የትናንቱን እርግማን በዛሬ ምርቃት አካካሰች።

ያን ሰሞን እንቅልፏ ቀነሰ። ተነስታ ብትናገር የገዛ ልጇን ባፏ ከመርከብ አወረደችው ማለት ነው። አልናገርም ብትል ሴቶቹ ለምን ይላሉ፤ ለምን ካሉ ውሸቷ ይወጣል፤ ውሸቷ ከወጣ ከሰገነቱ ትወርዳለች። ከሰገነቱ ከወረደች ደግሞ የሚጠብቃት ግድግዳው ነው።

የቤተሰቡ ቀን ደረሰና እናቶቹ ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ለብሰው መርከቧ ላይ ወጡ። ቤያ መጸዳጃ ቤት ጠይቃ፣ በተቃራኒው በኩል ወደ ኩሽናው ሄደች። ሳብሪ ሰሃን ሊያደርስ ወጥቶ ነበር። ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ አገኘችው፤ ግማሹ አልቋል። ክዳኑን በጥድፊያ ጠምዝዛ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ምንም እንዳላየች ሴት ተመልሳ ተቀመጠች።

አዛዡ ከራስጌ ተቀምጧል። በጣም ቀጭን ሰው ነው። ፊት ለፊቱ ዳቦና የታሸገ ቱና እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ኩስኩሱ ቀረበ። ሴቶቹ ወሬ አቆሙ። ቶሎ ቶሎ ጎረሱ። በላዩ ውሃ ጠጡ። ከዚያ ሁሉም ባንድነት በረጅሙ ተነፈሱ።

ቤያ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። ይህን ቅደም ተከተል በደንብ ታውቀዋለች። ከዳር ሆና ስታየው ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ምግብ የጣመው ሰው እንዲህ አይተነፍስም። እንዲህ የሚተነፍሰው መርፌ ተወግቶ የጨረሰ ሰው ነው።

«እናቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ አዛዡ። «አስተያየት ካላችሁ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።»

ናዚሃ ክርኗን ቤያ ጎን ላይ ሰካች። ቤያ ተነሳች። ቦርሳዋም አብሯት ተነሳ፤ ከታች በኩል ጠብ ጠብ ይል ነበር። አዛዡ አፍንጫውን ቀና አደረገ።

«ጌታዬ» አለች፣ «ምግብ ሠሪው ልጄ ነው።»

ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«ሞተር ክፍል አይደለም። ሞተር በየት በኩል እንደሚነሳም አያውቅ። ዓሣው ላይ ያለውም ሳሙና አይደለም።» ጠርሙሱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። «የብርቱካን አበባ ውሃ ነው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሚወርድ ካለ እኔ ልውረድ።»

አዛዡ ጠርሙሱን አንስቶ ወደ ብርሃኑ ዘረጋው።

«ሳሙና አይደለም?»

«አይደለም።»

«ድስቶቹን በሙሉ ሁለት ጊዜ አስቀይሬአለሁ» አለ አዛዡ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ።

ናዚሃ የቤያን ቀሚስ ጎተተች። «ተቀመጪ በይ። በስንት መከራ ተናገርሽው።»

«ታውቁ ነበር?»

«ረይሃን እዚሁ መርከብ ላይ አይደለች እንዴ የምትበላው? ምግብ የሚጨልፍላትን ሰው አታውቀውም?»

«ታዲያ ፓምፑን ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ደስ እንዲልሽ ብዬ። ደሞ ሠራ።»

ቤያ ወደ ለላ ዳለንዳ ዞረች። «እርስዎስ? ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰሃንሽን ጠርገን እየመለስን ምግብሽ አይጥምም እንበልሽ?» አሉ ለላ ዳለንዳ። «ደንብ አለ፣ ልጄ። ያንቺን ሰሃን መንቀፍ ባንችል የመርከቡን ነቀፍን፤ ላንቺ ሲነገር ለሱ ትነግሪዋለሽ ብለን ነው። ደጋግመን ሳሙና አልንሽ። አንቺ ደግሞ እጁ ይሰበር ብለሽ ልጅሽን ትረግሚያለሽ። ሌላ ምን እናድርግ፣ ሳሙና አምጥተን እናስነክስሽ?»

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና ሳብሪ በነጭ ሽርጥ፣ ትልቅ ድስት ታቅፎ ገባ። የተጠረጉትን ሰሃኖች ሲያይ ፊቱ በራ።

«ጨረሳችሁት? አለ፤ ልጨምርላችሁ።»

ሴቶቹ ወደ ለላ ዳለንዳ አዩ። ናዚሃ አጎንብሳ፣ «ለላ፣ ደንቡ ለእናት ሰሃን ነው እንጂ ለልጅም ይሠራል እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

ለላ ዳለንዳ ድስቱን አዩት። ባሕሩን አዩት። «ባሕር ላይ ያለው እኮ እሱ ራሱ ነው» አሉና፣ ቢስሚላህ ብለው ሰሃናቸውን ዘረጉ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ዘረጉ።

ቤያ እጇን ድስቱ አፍ ላይ ጫነች።

«ልጄ፣ አስቀምጠው። የጨረሱት ጣፍጧቸው አይደለም፤ ወደውኝ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ሲበሉልኝ ኖረዋል፤ እኔም ገና አሁን ነው ያወቅሁት። የአበባውን ውሃ ተወው፤ የተቀረው ሙያህ ምንም አይወጣለትም።»

ሳብሪ እናቱን አየ፤ ጠርሙሱን አየ፤ በሩ ላይ የቆሙትን መርከበኞች አየ። መርከበኞቹ አንዳች ነገር እንደጠፋባቸው ሁሉ ወለሉን ይመረምራሉ።

«ሰሃኑን ግን ጨርሰው ነበር የሚመልሱልኝ» አለ።

ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣

«ወፎቹስ?»

«ወፎቹስ ከልባቸው ወደውታል» አለች ናዚሃ። «እሱን ማንም አይክድህም።»

መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ሳብሪ ነው። እሱ ሳይስቅ መሳቅ ያልደፈሩት ሁሉ ከዚያ በኋላ እስኪበቃቸው ሳቁ። አዛዡ ብቻ አልሳቀም፤ ቱናውን ወደ ጎን ገፍቶ፣ የሚቀጥለው ምሳ መቼ እንደሆነ ጠየቀ።

መርከቧ እንደገና ስትወጣ እናቶቹ ሰገነቱ ላይ ነበሩ። ድልድዩ ተነሳ፤ መኪናው ተራገመ፤ እልልታው ቀለጠ። የባሕር ወፎቹ እንደልማዳቸው ከኋላዋ ተሰልፈው እስከ ቦዩ አፍ ሸኟት። እዚያ ሲደርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሩ፤ ከዚያ ተስፋ ቆርጠው ወደ ዓሣ ገበያው ተመለሱ።

ቤያ ወፎቹ እስኪጠፉ ዓይኗን አልነቀለችም። ናዚሃ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«የሳብሪ እናት፣ ማቀዝቀዣዬ ድምፅ አምጥቷል። ልጅሽን ጠይቂልኝ።»

«ልጄ ምግብ ሠሪ ነው፣ ናዚሃ።»

«እሱን አውቃለሁ። ጠይቂልኝ።»

ቤያ ወደ ባሕሩ እያየች ትንሽ አሰበች።

«አጥፍተሽ፣ ትንሽ ቆይተሽ አብሪው ብሏል» አለች።