ጋሽ ቆይን የማጥፋት ሥራ

ሰው ጡረታ ሲወጣ ወንበሩ ባዶ ይቀራል እንጂ ፋብሪካ ቀርቅሮ አይሄድም። ጋሽ ቆይ ግን ቀርቅሮ ሄደ። የፍራሽ ፋብሪካው የፋይናንስ ኃላፊ ነበር፤ ቅጽል ስሙን ያተረፈው ወረቀት በቀረበለት ቁጥር መነጽሩን አውልቆ «ቆይ፣ እስቲ ቆይ» ስለሚል ነው። ኬክ ተቆርሶ፣ ተጨብጭቦለት ተሸኘ። ከኮምፒውተሩ ውስጥ ግን የሸኘው የለም። የስፖንጅ ግዢ በሉት፣ የዕቃ መውጫ በሉት፣ የሠራተኛ ፈቃድ በሉት፣ ሁሉም እሱ ጋ ሲደርስ «የፋይናንስ ኃላፊው እስኪያጸድቅ» ይልና እዚያው ይተኛል።

«ዛሬውኑ ጋሽ ቆይን አጥፊልኝ!» አለ ሥራ አስኪያጁ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢሰማው ፖሊስ በጠራ ነበር።

የታዘዘችው የሶፍትዌር ባለሙያዋ ናት። እትዬ ሲስተም ይሏታል፤ እሷ ለምሳ ከወጣች ደንበኛው ሁሉ «ሲስተም የለም» ተብሎ ነው የሚመለሰው። ለእሷ ጉዳዩ ከትእዛዝም በላይ ነበር። እናቷ ዓይኗን ሞራ ጋርዶባት የበር እጀታ እንኳ በዳሰሳ ነው የምታገኘው። ለቀዶ ሕክምና ሁለቴ ተቀጥራ ሁለቴም «ልጄ እጄን ካልያዘችኝ አልገባም» ብላ ከሆስፒታል በር ተመልሳለች። አዲሱ ቀጠሮ ነገ ጠዋት ነው። እትዬ ሲስተም ፈቃድ ከጠየቀች ቆይታለች፤ የፈቃድ የመጨረሻው አጽዳቂ ደግሞ ማን እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም። እሱ ከጠፋ ጥያቄው በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ጋ ይሄዳል።

«ሰርዝ» የሚለውን ተጫነች።

«ሊሰረዝ አይችልም። በሌላ ቦታ አገልግሎት ላይ ነው።»

የት? እሱን አይናገርም። «ሰዎች ሲያሙሽ ሰማሁ» ብላ ስማቸውን እንደምትደብቅ ጎረቤት።

ጋሽ ቆይ የታሰረበትን ሁሉ ፍለጋ ገባች። የግዢውን ፈታች። የሻይ ክበቡ ዳቦ እንኳ በጋሽ ቆይ በኩል ነበር ለካ የሚያልፈው፤ እሱንም ፈታች። የግቢውን በር የሚከፍተውን የዕቃ መውጫ ስትፈታ ግን ከጥበቃው ስልክ ተደወለላት።

«እትዬ ሲስተም፣ የግቢው በር ራሱ እየተዘጋ ነው!»

«ታዲያ ማን ሊወጣ ነበር?»

«ሥራ አስኪያጁ ናቸው። ግማሽ መኪናቸው ወጥቷል።»

«ወይ ጉዴ!» ብላ በሩን እስክታስከፍት የመኪናው የኋላ መብራት ረገፈ።

በመጨረሻ ጋሽ ቆይ ጋ የተኙትን ጥያቄዎች «ሁሉንም» ብላ መርጣ ወደ ሥራ አስኪያጁ አዛወረቻቸው። ደግማ ተጫነች። አሁንም ሊሰረዝ አይችልም።

«ምን አባቱ ቀረ?» ብላ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተችው።

ጓደኛዋ የመጋዘን ኃላፊዋ ሻይዋን ይዛ ብቅ አለች። «እስቲ በእኔ በኩል ልየው» ብላ ስልኳ ላይ ሲስተሙን ከፈተች፤ ወዲያው ሻዩ ትን አላት። «አንቺ! አንዲት ጥያቄ ቀርታለች። ያንቺ ፈቃድ ናት እኮ!»

ባለሙያዋ የራሷን ጉዳይ ራሷ እንዳታሳልፍ ተብሎ፣ የእሷ ጥያቄ ለእሷ አይታይም። «ሁሉም» ስትል የራሷ አልተቆጠረም። ይህንን ጥንቃቄ ያስገባው ማን ይመስላችኋል? ራሱ ጋሽ ቆይ! ጥያቄዋን ሰርዛ እንደ አዲስ እንዳትጠይቅ፣ ፈቃድ ከሳምንት በፊት ካልተጠየቀ አይገኝም። ከድጡ ወደ ማጡ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ ለራሱ ለጋሽ ቆይ ደወለችለት።

«ጋሼ፣ የፋብሪካው ሲስተም አሁንም ስልክዎ ላይ አለ?»

«አለ፤ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል። ጡረታ የወጣ ሰው የማይመለከተውን አይነካም ብዬ ዝም አልኩት።»

«መግቢያዎ ገና አልተዘጋም። በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ የእኔን ፈቃድ ብቻ ያጽድቁልኝ።»

ሲነካካ ቆየ። «ቆይ፣ እስቲ ቆይ። የሐኪም ማስረጃ አልተያያዘም እኮ።»

እዚህ ላይ ፈነዳች። «ጋሼ! እናቴ ፊቴን ማየት ካቃታት ሁለት ዓመቷ ነው! በድምፄ ነው የምታውቀኝ! የምን ማስረጃ ነው የሚሉኝ?»

የመጋዘን ኃላፊዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ ማንም እንዲህ ጮሆብኝ አያውቅም» አለ ሽማግሌው። «ወረቀት ነበር የሚመጣልኝ፤ ወረቀት ደግሞ አያለቅስም። ምነው ያኔ በጮኻችሁብኝ!»

እንባዋ መጣ፤ አፈረችም። «ይቅርታ ጋሼ።»

«ተይው። አጽድቄዋለሁ። እናትሽን ይማርልሽ።»

«ጋሼ... አሁን እርስዎን ላጠፋዎት ነው።»

«አጥፊኝ ልጄ። እኔም ደክሞኛል።»

ተጫነች። ጠፋ።

ሥራ አስኪያጁ የተሰበረ መብራቱን ታቅፎ ገባ። «ጠፋ?»

«ጠፍቷል።»

«እሰይ! ነገ ጠዋት ደግሞ የደመወዙን ሲስተም እንጀምራለን።»

«ነገ የለሁም፤ እናቴ ዓይኗን ትታከማለች። ፈቃዴን ጋሽ ቆይ አጽድቆልኛል።»

«ጡረተኛ? የምን ቀልድ ነው! ይሻር!»

«የጸደቀ ፈቃድ የሚሽረው ያጸደቀው ሰው ብቻ ነው።»

«ጥሪውና ይሻረዋ!»

«በምን ገብቶ? በእርስዎ ትእዛዝ አጠፋሁት እኮ።»

ሥራ አስኪያጁ አንዴ ኮምፒውተሩን፣ አንዴ መብራቱን አየ። የመጋዘን ኃላፊዋ ሳቋን ልትደብቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። እትዬ ሲስተም ቦርሳዋን አንስታ እየወጣች እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ነገ እጅሽን እይዛለሁ። ፋሻው ሲፈታልሽ መጀመሪያ የምታዪው እኔን ነው። ምን ልልበስልሽ?»

እናቷ አላመነታችም። «ያንን ቀይ ሹራብሽን።»

ቀዩ ሹራብ ተበጣጥሶ ከተጣለ ከራርሟል። «እሺ እማዬ» አለችና፣ መሽቶ ሱቆቹ ሳይዘጉ ቀይ ሹራብ ፍለጋ ወደ ገበያ ገሠገሠች።